ውዱ ሬዲዮ

የአውቶቡስ መናኸሪያው ማስታወቂያ ተናጋሪዋ ካርቶኑን ያየችው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በረዶው በሚባለው ፍቅረኛዋ ወርክሾፕ ጓሮ፣ ከጋዝ ሲሊንደሮቹና ከተጠቀለሉት የመዳብ ቱቦዎች አጠገብ፣ ነጭ ስፖንጁ ወጥቶ ተጥሏል። የመጣችው መልካም ወሬ ይዛ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ከዓመት ሙሉ ኩርፊያ በኋላ "እስቲ ያ ሰውሽ ይምጣና ያናግረኝ" ብሏታል። ካርቶኑ ላይ የታተመውን የሬዲዮ ሥዕል ስታይ ግን ወሬውን ለኋላ አቆየችው። ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችውም።

የኋላው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበርና ገፋ አድርጋው ገባች። በረዶው ጀርባውን ሰጥቷት፣ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሏል። ፊት ለፊቱ አይታው የማታውቀው ሬዲዮ ተቀምጧል። ሰፊ መስኮት አለው፤ በመስኮቱ ውስጥ ሰማያዊና ቢጫ መስመሮች እንደ ዝናብ ይወርዳሉ፤ ፊቱ ላይ ያለው ቁልፍ ብዛት የሰው ዓይን ያደክማል።

"ድገሚልኝ እስቲ" ይላል፣ ሰምታው በማታውቀው የልመና ድምፅ። "ድምፅሽ እኮ ደስ ይላል። እንደው አንዴ ብቻ ድገሚልኝ።"

"ደህና ዋልክ" አለችው። አልመለሰላትም። ጥላዋ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ነው ደንግጦ የዞረው። ማዳመጫውን ሲያወልቅ ፊቱ ደም መስሏል። እሷም ያን ፊት የተያዘ ሰው ፊት ብላ ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው።

"በረዶው" የሚለውን ስም ያወጡለት የመናኸሪያው ሰዎች ናቸው። ፍሪጅ ጠጋኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዝምተኛ ነው፤ ሰው ሲቀልድ ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ ሲጠሩት ቶሎ አይዞርም። የመናኸሪያው ካፌ ትልቁ ፍሪጅ የተበላሸ ጊዜ ሊጠግን መጥቶ፣ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውን የእሷን ድምፅ ሰማ። የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ ከላይ ካለው የመስታወት ክፍል ሆና የምትናገረው እሷ ናት። እጁ ግራሶ እንደነካው ደረጃውን ወጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ድምፅሽን ለማየት ነው የመጣሁት" አላት። ፍቅራቸው ከዚያች ቃል ተነሳ።

ቤተሰቦቿ ግን አልወደዱትም። ሟች አባቷ ዳኛ ነበሩ። ወንድሟ ትራንዚተር ነው፣ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ ያወጣል፤ ክራቫት ሳያስር ከቤት አይወጣም። ከዳኛ ቤት ወጥታ ለፍሪጅ ጠጋኝ የሚለው ሐሜት የዘመድ ጉባኤ ሁሉ ማጣፈጫ ሆኖ ከርሟል። ሬዲዮውን እንኳ እሷ አልጠላችውም ነበር። በረዶው ፈቃድ አውጥቶ፣ መጥሪያ ስም ተሰጥቶት፣ በአንዲት አሮጌ ሬዲዮ ከማያውቃቸው የሩቅ ሰዎች ጋር የሚያወጋ አማተር ነው። ከመጠጥ ቤት ይሻላል ብላ ትስቅ ነበር።

አዲሱ ከየት እንደመጣ ጠየቀችው። አሮጌው ደክሟል፣ የሰው ድምፅ ሁሉ ጭቃ ሆኖብኛል አላት። ዋጋውን ስትጠይቀው ዓይኑን ሰበረና "ትንሽ ከፍ ይላል" አለ። ያጠራቀመው ገንዘብ ወርክሾፑን ወደ ዋናው መንገድ ማውጫ እንደነበር ታውቃለች፤ ሽማግሌ የሚልከውም ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነግሯት ነበር። ሴትየዋ ማን እንደሆነች ስትጠይቀው ደግሞ፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፣ ሩቅ ከተማ ነው ያለችው አላት፣ የከተማውንም ስም ጠራላት። እውነቱን ነበር። እሷ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ግን ውሸት ውሸት ሸተተ። የያዘችውን መልካም ወሬ ሳትነግረው፣ ደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ተሸክማው ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ወንድሟ ዋጋውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። የሬዲዮውን ስም ከእሷ ሰምቶ ስልኩ ላይ ፈለገው፤ ቀረጡን በአእምሮው ጨመረበት፤ ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ገልብጦ አስቀመጠ።

"ይሄ የአንዲት ትንሽ መኪና ዋጋ ነው" አላት። "ሰው በእጅ ስልኩ እንደልቡ በሚያወራበት ዘመን ይሄን ያህል ከፍሎ የሚያወራ ሰው፣ ወይ ገንዘቡ ንጹሕ አይደለም፣ ወይ ወሬው።"

"ጋሼ፣ ሌባ አይደለም" አለችው።

"እኔም አላልኩም። ግን እስቲ ራስሽን ጠይቂ። እሱ ዘንድ ውዱ የቱ ነው? ሬዲዮው ነው አንቺ ነሽ?"

ሌላ ነገር ነበር የሚያቃጥላት፣ ለወንድሟ ያልነገረችው። ከክረምቱ መግቢያ በፊት አንድ አመሻሽ ላይ በሞተር ሳይክሉ ከደጇ አድርሷት ነበር። ሴት ልጅ በአፏ የማትለውን ነገር ለማለት ስንት ቀን ራሷን አደፋፍራ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ "እኔና አንተ ግን መቼ ነው የምንጋባው?" አለችው። በረዶው እሱም ወደ ሰማዩ ቀና አለ። "አዎ፣ ሳይዘንብ ብሄድ ይሻላል" አለና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ቅኔ በሚወዱ ዳኛ እጅ ያደገች ናትና ነገሩን በሰሙ አልተወችውም። ዝናቡ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ምንድነው እያለች ክረምቱን ሙሉ ስትቆፍር ከረመች። በቆፈረች ቁጥር የምታገኘው ያው አንድ ነገር ነበር። መከራ ሳይመጣብኝ ልሂድ።

እርግጡን ለማወቅ ጋሽ አንቴና ዘንድ ሄደች። ጋሽ አንቴና ረጅምና ቀጭን ጡረተኛ ናቸው፤ ከስልክ መሥሪያ ቤት ነው የወጡት። ለበረዶው ሬዲዮን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የቤታቸው ጣሪያ በሽቦ ከመወጠሩ የተነሳ ሰፈርተኛው ልብስ ማስጫ አስመስሎ ይቀልድባቸዋል። ስለ ሴት ለመጠየቅ አፈረችና በሬዲዮው በኩል ዞረች። ይሄ ውድ የሚባለው ሬዲዮ ግን ያዋጣል ወይ አለቻቸው።

ሰውየው ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩ ይመስል ወንበራቸውን አስጠጉ። ድምፅን የሚያደርሰው ጣሪያ ላይ ያለው ሽቦ ነው አሏት። ጥሩ ሽቦ ያለው ሰው በርካሽ ሬዲዮ ባሕር ይሻገራል፤ መጥፎ ሽቦ ላለው ሰው ውዱ ሬዲዮ የቤት ዕቃ ነው። ብዙው ሰው የሚከፍለው ለጉራ ነው፤ መስኮቱ ያምራል፣ ቁልፉ ይበዛል፣ እንግዳ ሲመጣ ያስደንቃል።

"አንድ ነገር ግን አለው" አሉ፣ ፍርድ ላለማጉደል። "መቶ ሰው አንድ ላይ ሲያወራ፣ ሌላውን ሁሉ ዝም አሰኝቶ ጥግ ላይ ያለችውን የአንዲት ሴት ድምፅ ለይቶ ያወጣልሻል። ያቺን ሴት መስማት የግድ ለሆነበት ሰው ያዋጣል።"

ጥግ ላይ ያለችው ሴት። ተናጋሪዋ ከዚያ በኋላ የተባለውን ግማሹን አልሰማችውም።

"እኔ አትግዛ ብዬው ነበር" ቀጠሉ ጋሽ አንቴና። "በአሮጌው ሬዲዮህ ቁጭ ብዬ ሰምቼበታለሁ፣ ጥርት ያለ ነው አልኩት። ተቆጣኝ። 'እርስዎ የሚሰሙትን እኔ አልሰማውም' አለኝ። እሱ እኔን ተቆጥቶኝ አያውቅም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።"

ለእሷ ግን የገባት መሰላት። ቅናት ጠላት ነው ይላሉ፤ የእሷ ግን ዘመድ መስሎ፣ ክንዷን ይዞ፣ እስከ ቤቷ ሸኛት።

የቀረውን የጨረሰችው የመናኸሪያው ቲኬት ቆራጭ ጓደኛዋ ናት። በሳምንቱ ሻይ እየጠጡ ሳለ፣ ሰውሽ ከማን ጋር ነው ቀጠሮ ያለው ስትል ጠየቀቻት፣ እንደ ዋዛ። ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ስድስተኛው በር ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ አይሳፈር፣ ሰው አይቀበል፤ ተቀምጦ ተቀምጦ ይሄዳል። አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነው አለቻት። ያን አግዳሚ ከመስታወቱ ክፍል አንድ ወፍራም ምሰሶ ይጋርደዋል። የዚያች የአዋላጇ ከተማ አውቶቡስ ደግሞ የሚገባው በስድስተኛው በር ነው።

ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ጡረተኛዋ አዋላጅ በተናጋሪዋ ሐሳብ ውስጥ በአንድ ጊዜ ወጣት ሆነች፤ ጠጉሯ ትከሻዋ ላይ ወረደ፤ ሻንጣ ይዛ ከአውቶቡስ ስትወርድ ታየቻት።

ማክሰኞ ቲኬት ቆራጯ ደወለችላት። መጥቷል። ተናጋሪዋ ማይኩን ለተተኪዋ አቀበለች። ደረጃውን ወረደች። ሻንጣ የሚጎትቱትን፣ ልጅ ያዘሉትን፣ ውሃ የሚሸጡትን አልፋ ከኋላው ደረሰች። በድምፅ ማጉያው ሥር ተቀምጧል፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ወደ በሩ ያያል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። ለእሷ ሲመጣ እንኳ ተኩሶ አያውቅም።

"ማንን ነው የምትጠብቀው?" አለችው፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆማ።

አልዞረም።

"ዝም በል እሺ። ዝም ማለት ልማድህ ነው" አለችው። ከዚያ በኋላ ያፈነችው ሁሉ ወጣ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ቃሉ ግን የተሳለ። ስለ ገንዘቡ ነገረችው። ስለ ሴትየዋ ነገረችው። ደጃፏ ላይ አፏን አውጥታ ስትጠይቀው በዝናብ አመካኝቶ እንደሸሻት፣ ያን ቀን ገብታ ትራሷን ነክሳ እንዳለቀሰች ነገረችው። በመጨረሻም፣ "ከዛሬ ጀምሮ አንተ የት ነህ እኔ የት ነኝ። ደጄ እንዳትደርስ" አለችው።

በረዶው ጉልበቱ ላይ ያየውን ክር አንስቶ ጣለ።

እሷ ማጅራቱን አየችው። እየሰማ ያልሰማ የሚመስል ሰው ማጅራቱ ይደርቃል። የእሱ ግን እንደተኛ ሕፃን አንገት ዘና ያለ ነበር።

ድምፅ ማጉያው ጓ አለና የተተኪዋ ድምፅ መጣ። ወዲያው በረዶው ቀና አለ፤ ዓይኑን ወደ ማጉያው ሰቅሎ ጠበቀ፤ ቅንድቡ ተሰበሰበ። ሁለተኛው ማስታወቂያም በዚያው ድምፅ ሲሆን ተንፍሶ ተነሳ። ሊሄድ ሲዞር አያት። ፊቱ በፈገግታ ሞላ፤ አንዲት ክፉ ቃል ያልደረሰችው ሰው ፈገግታ። ከዚያ እንባዋን አየና ፈገግታው ወደቀ።

"ምነው?" አላት። ቀጥሎ ወደ ላይ አየ። "ለካ እዚህ ነሽ። እኮ ሌላ ሰው ነው የሚናገረው።"

እንባዋን የምትጠርግ መስላ አፏን በእጇ ሸፈነችና "አትሰማኝም አይደል?" አለችው።

እጇን አየው። "እጅሽን አንሺው" አላት፣ ቀስ ብሎ። "ካላነሳሽው ምን እንዳልሽ አላይም።"

አግዳሚው ላይ ፊት ለፊት ዞረው ተቀመጡ። የተደበቀ ነገር አንዴ በሩ ሲከፈት ራሱ ይወጣል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮ በሚያደነቁር የፍሪጅ ኮምፕረሰር ሥር ነው የኖረው። መጀመሪያ የሄደው ቀኝ ጆሮው ነው፤ ግራው ተከተለ። ቀጫጭኑ ድምፅ ቀድሞ ጠፋ፤ የወፍ፣ የሕፃን፣ ዝቅ ብላ የምትናገር ሴት። ሬዲዮው ሲያጉረመርምበት የሞተው ሬዲዮው መሰለው። ሽቦውን ለወጠ፣ ማዳመጫውን ለወጠ፣ በመጨረሻ ያለውን ሁሉ ውዱ ላይ አዋለ።

"መጀመሪያ ሰሞን የዳንኩ መስሎኝ ነበር" አላት። "ጫጫታውን ሲቆርጠው፣ ቀጭኗን ድምፅ ወፈር ሲያደርጋት፣ አለቀስኩ ብልሽ ታምኛለሽ? ኋላ ግን እሱም ጭቃ ሆነ። ያን ጊዜ አሮጌውን አውርጄ አየሁት። ምንም አልነበረበትም። ያረጀው ሌላ ነው።"

ለምን አልነገርከኝም አለችው፣ ከንፈሯን ግልጽ አድርጋ።

"ወንድምሽ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው ብሎ ዓመት አኮረፈ። ደንቆሮ ሲጨመርበት ምን ሊል ነው? አንቺስ ብትሆኚ፣ እንጀራሽ ድምፅሽ ነው። ድምፅሽን የማይሰማ ሰው ምን ይሠራልሻል?"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

በጣቱ ወደ ማጉያው ጠቆመ። "ይሄ ዕቃ የሬዲዮዬን ሲሶ አያወጣም" አላት። "አንቺን ሙሉ አድርጎ የሚያመጣልኝ ግን እሱ ብቻ ነው። ደረጃውን ወጥቼ አጠገብሽ ስቀመጥ ትጠፊብኛለሽ። እዚህ ስቀመጥ ትመጫለሽ።"

አውቶቡስ ገባ፤ ሰው ወረደ፤ ከመሃላቸው ሻንጣ ያላት ወጣት አልነበረችም፣ ብትኖርም ተናጋሪዋ አላየቻትም። ያን አመሻሽ ደጃፏ ላይ የሆነውን አነሳችበት፤ እሱ ስለ ሰማዩ የምታወራ መስሎት እንደነበር ነገራት፤ ቀና ብለሽ ነበራ አላት።

"ስለ ጋብቻ ነበር" አለችው።

"እና እኔ ምን አልኩሽ?"

"ሳይዘንብ ልሂድ አልከኝ።"

በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ መለየት አልቻለችም። የራሷንም መለየት አልቻለችም።

ያቆየችውን የወንድሟን ጥሪ ነገረችውና እሑድ ወንድሟ ቤት ሄዱ። ቀድሜ ልንገርለት ብትል በረዶው እንቢ አለ፤ ራሱ ይናገረዋል። ተናገረውም፣ ምንም ሳያስቀር። ትራንዚተር ሰው የሰነድ ብቻ ሳይሆን የሰውም ሐሰተኛ ይፈራልና ወንድሟ ነገሩን እንዲሁ አልዋጠውም። ይሄ ደግሞ አዲስ ዘዴ ይሆን በሚል ዓይን አየው። ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ፤ ጀርባውን እንደሰጠ፣ ለወንድ ልጅ የማይዋጥ አንድ ስድብ በተራ ድምፅ ወረወረ። እህቱ ክው አለች። በረዶው ግን እጁን አጣምሮ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ፣ ፍርዱን ይጠብቃል።

ወንድሟ ከመስኮቱ ሲመለስ ክራቫቱን አላልቶ ነበር። ወንበሩን ጎትቶ ከበረዶው በስተግራ ተቀመጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ያን ሬዲዮ ለእኔ ስጠኝ" አለው። "ገዢ አላጣም። ይሄ እንኳ ሥራዬ ነው።" ይቅርታ ለማለት ሌላ ቋንቋ አልነበረውም፤ እህቱ ግን ተረድታዋለች።

ሬዲዮው የተገዛበትን አላወጣም፤ ለጆሮ መርጃዎቹ ግን በቃ። አሮጌው ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጋሽ አንቴና ብዬው ነበር፣ ብዬው ነበር እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ።

ሁሉ ነገር ሲስተካከል ደግሞ የተናጋሪዋ ልብ አዲስ ጥርጣሬ ወለደ። በድምፅ ማጉያው የሚወጣው ድምፅዋ ሰፊና ሙሉ ነው። ያለ ማይክ ግን ቀጭን ነው፣ ሲያልቅ ትንሽ ይሻክራል። በረዶው ደረጃውን የወጣው ለዚያኛው ድምፅ ነበር። ይሄኛውን ሰምቶት አያውቅም። ሰውየው የወደደው ማጉያውን ቢሆንስ?

ወደ ጆሮ ሕክምናው አብራው ስትሄድ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። ባለሙያዋ ትንንሾቹን መርጃዎች ከጆሮዎቹ ኋላ አስገባች፣ ኮምፒውተሯ ላይ አስተካከለች፣ እስቲ ተነጋገሩበት ብላ ወጣች። በረዶው በራሱ እጅጌ ኮሽታ ደነገጠ። ወንበሩ ሲንቋቋ ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረና ጠበቀ።

በቀን ስንት ሺ ሰው የሚሰማት ሴት በአንድ ሰው ፊት ቃል አጣች። ያዘጋጀችው ሁሉ ተነነ። እሱ ጠበቀ፤ ጠበቀ፤ ፊቱ ላይ ስጋት እየመጣ ሄደ። እጁን አንስቶ ከጆሮው ኋላ ያለውን ዕቃ በጥርጣሬ ነካ ነካ አደረገው።

"ዝም ብለሽ ነው?" አላት፣ "ወይስ ዕቃው አልሠራም?"

ሳቀች። አልፈለገችውም ነበር፤ ከሆዷ ፈንቅሎ ነው የወጣው፤ መጨረሻው ላይ የሚሻክረው፣ ሰው ፊት የምታፍርበት ሳቅ። ማይክ ላይ ማንም አይስቅም። አውቶቡስ ይነሳል፣ አውቶቡስ ይገባል እንጂ አይሳቅም። በረዶው ስትስቅ ብዙ ጊዜ አይቷት ነበር፤ ጥርሷን፣ የምትዘጋውን ዓይኗን፣ የሚንቀጠቀጠውን ትከሻዋን ሁሉ ያውቃል። ድምፁን ግን ገና አሁን ሰማው።

"ይሄ ነበር እንዴ?" አላት። "እስካሁን ስትስቂ የነበረው ይሄን ነው?"

ልትመልስለት ሞከረች፤ ሳቁ ግን መሃል መንገድ ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። እሱም፣ የለቅሶዋ ድምፅ ደግሞ እንዳያመልጠው፣ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።